የታሸገው ቁጥር

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ሲባል አይናዲስ ትስቅ ነበር። ሰው መጠርጠር አታውቅበትም። ያን ረቡዕ ግን ጀመረች።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከጓደኛዋ ከአንሙት ጋር፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ይዘው ተቀምጠዋል። ጥያቄው ለሌላው ሰው ምኑም አይደለም፤ እነሱን ግን እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ኳርክ የሚባሉትን ደቃቅ ነገሮች አጣብቆ የሚይዝ ኃይል አለ። የኳርኮቹ ዓይነት ዐሥራ ሁለት ቢሆን፣ ይህ ኃይል ርቀት በጨመረ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል? ወይስ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል? ቦታንና ጊዜን እንደ መረብ በነጥብ በነጥብ ከፋፍለው ለኮምፒውተር ሰጡት። ኮምፒውተሩ ወር ሙሉ ሲያጉረመርም ከርሞ አንዲት ቁጥር ይወረውርላቸዋል። ውጤቱ ያናድዳል፤ ኃይሉ በጣም ስለሚያዘግም ቆሞ ይሁን እየሄደ አይለይም።

እንዲህ ያለ ነገር ላይ ዓይን የፈለገውን ያያል። ስለዚህ ጡረታ ወጥተው አምበር ከተማ የገቡት አማካሪያቸው ዶክተር ኃይለ ሚካኤል አንድ ሥርዓት ሠሩ። አንድ ቁጥር መርጠው ውጤቱን ሁሉ በእሱ አዛብተው ሰጧቸው፤ ቁጥሩን በፖስታ አሽገው ቤታቸው አስቀመጡ። ሁለቱ የትኛውን የስሌት መንገድ እንደሚከተሉ ወስነው እስኪፈርሙ ፖስታው አይከፈትም። ቀጠሮው ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት አንዳቸው ቁጥሩን ካዩ የአራት ዓመቱ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ማክሰኞ አንሙት ቀረ። «አማኑኤል ከተማ የታመመ ዘመድ አለኝ» ብሎ ነበር። ረቡዕ ሲመጣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ እንቅልፍ ያጣም ይመስላል። ቀና ብሎ አያያትም።

«አይናዲስ፣ ዛሬ እንፈርም» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ዓርብ አልነበር እንዴ?»

«ዓርብን ምን አስጠበቀን? አንቺ ያልሽውን መንገድ ይዘን እንገላገል።»

ደነገጠች። ሦስት ወር ሙሉ «የአንቺ መንገድ ስሕተት ነው» ብሎ ሲሟገታት የከረመ ሰው ነው። በአንድ ሌሊት ምን አየ?

ምሳ ሰዓት በግድ ይዟት ወጣ። «ብዪ እንጂ! በሞቴ!» እያለ ሲያጎርሳት፣ ራሱ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ጉቦ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ሽታዬ ቁልፍ ልትሰጣት መጣች። ያለ ወትሮዋ እቅፍ አድርጋ ሳመቻት።

«ምስኪን አንሙት፣ ያ የአምበር ዝናብ ትናንት አበስብሶት…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አምበር? አማኑኤል አይደል እንዴ የሄደው?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ!» ብላ ወጣች።

አምበር አይናዲስ ያደገችበት ነው፤ መጀመሪያ የታያት ግን የዶክተሩ ፖስታ ነው። አንሙትን አይታው እንደሆነ ልትጠይቅ እዚያው የምትኖረው እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። እዚያ መብራት ሲጠፋ ስልክም ይዘጋል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተሩ ጋ ደወለች።

«ትናንት አንሙት እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

«ተገናኝተናል» አሉ ዶክተሩ።

«ለምን ጉዳይ?»

«ልጄ፣ ዓርብ እኔው መጥቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ሥራሽን ጨርሺ። አይዞሽ።» ስልኩን ዘጉት።

እሳቸውም! አንሙት ወንድሟ ማለት ነበር፤ ታይፎይድ የያዛት ጊዜ ሐኪም ቤት ደጃፍ ያደረው እሱ ነው። አሁን ዝም ብላ ብትፈርም ሌባ መሆኗ ነው፤ ባትፈርም አራት ዓመቷ ባዶ ይቀራል። እናቷስ? «ጨረስሽ ወይ?» ሳትላት ስልክ ዘግታ አታውቅም። ምን ልትላት ነው? ብቻዋን አለቀሰች።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፊቷን ታጥባ ገባች። አንሙት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። በሩን ዘጋችው።

«አንሙት፣ የትናንቱን አውቄያለሁ።»

ክው አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም ይንገረኝ። አምበር ሄደሃል። ዶክተሩም አልካዱም። ደብቀኸኝ ስታጎርሰኝ መዋልህ ነው የሚያንገበግበኝ!»

አንሙት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አላዘነችለትም።

«ይቅር በዪኝ» አላት። «‹እኔ አልችልበትም› ብያቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልክ?»

«አደራ ሆኖብኝ ነዋ፣ አይናዲስ! እናትሽ ‹ልጄ ሥራዋን ሳትጨርስ እንዳታረዷት› ብለው ነው ያረፉት።»