ማህደር ጂኦግራፊን መረጠች

የ2090 ዓ.ም. ሊቃውንት ለተማሪ ጭንቅላት እጅግ ያዝናሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ከታሪክና ከጂኦግራፊ አንዱን ይመርጣል፤ ያልመረጠው ደግሞ በአንዲት መርፌ ከነሥሩ ይነቀልለታል። ሕመም የለውም፤ ከረሜላም ይሰጣሉ።

አቶ አጥናፍሰገድ በወጣትነታቸው ታሪክን መርጠዋል። ስለዚህ ሟች ሚስታቸው የውብዳር የተናገረችውን ሁሉ ያስታውሳሉ፤ መቃብሯን ግን ብቻቸውን አግኝተውት አያውቁም።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ እኔ እመራሃለሁ» ብላ ልጃቸው ማህደር ትናንት ጂኦግራፊን መረጠች። ከመርፌው በኋላ ትምህርት ቤቱ «የምትኖሪው ከአባትሽ ጋር ነው» የሚል ወረቀት ሰጣት። አሳቢ ትምህርት ቤት ነው።

ዛሬ ጠዋት አቶ አጥናፍሰገድ «የውብዳር መቃብር ውሰጂኝ» አሏት። እጃቸውን ይዛ፣ አንድም መታጠፊያ ሳትስት አደረሰቻቸው። አባት በደስታ አለቀሱ።

ማህደር ግራ ተጋባች። የሐዘንተኛ ስሜት ላለመንካት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘመድህ ነበረች?» አለቻቸው።

አቶ አጥናፍሰገድ ኮታቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ አነጠፉላት።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። «አንቺን የወለደች ቀን ኃይለኛ ዝናብ ይዘንብ ነበር።»