ነዳጁን አትልቀቅ

ሰው ሲደነግጥ እጁ ቀድሞ የሚለቀው ለምንድን ነው? ስንት ቀን አሰብኩበት፤ እስካሁን አልመጣልኝም።

ባለቤቴ ሰመረ የታክሲ ሹፌር ነው። ከአፍንጮ በር ፒያሳ ሚኒባስ ይነዳል። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ጫፍ ላይ ሳይፈርሱ ከቀሩት ቤቶች በአንዱ ነው፤ አንድ ክፍል። አልጋው ላይ ተቀምጬ እጄን ብዘረጋ በሩን እነካዋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከጎረቤት የቀረችው የሺዓለም ብቻ ናት። እኛንም ክረምቱ ሲወጣ ልቀቁ ብለውናል። ልጄን ሜላትን ከወለድኩ ወዲህ ከዚያች ክፍል የምወጣው ለውሃና ለክትባት ነው።

ታዲያ የጀልባው ሥራ መጣ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ወይዘሮ አሰፋች የሚባሉ ሴትዮ እንግዳ የምታዝናና ፈጣን ጀልባ ገዝተው ነጂ ይፈልጋሉ ተባለ። ሥራው ከነመኖሪያው ነው። ሰመረ ክፍሉ መስኮት አለው ብሎ ነገረኝ። በዚያ መስኮት እንቅልፍ አጣሁ።

ጀልባዋ ግን እንደሌሎቹ አይደለችም። ከሥሯ ውሃ ትስብና በኋላዋ በኃይል ትተፋዋለች። መሪው የሚያዞረው ያንን የሚወጣውን ውሃ ነው። ሴትዮዋ የቀጠሩት አሠልጣኝ አብርሃ ለሰመረ ቪዲዮ በስልክ ላከለት። ቪዲዮው ላይ እንዲህ ይላል፦

"ነዳጅ ከለቀቅክ ውሃው አይወጣም። ውሃው ካልወጣ መሪ የለህም። ዳር ስትደርስ ቀንስ እንጂ አትልቀቅ። ለማቆም ውሃው የሚወጣበትን የኋላ መከለያ በማንሻው ግማሽ ድረስ አውርደው፤ ባለችበት ትቆምልሃለች።"

ቪዲዮ የሚያጫውት ስልክ ያለን አንድ ነው። ፒያሳ ላይ ሌባ እንዳይወስድበት ሰመረ ቤት ትቶት፣ አሮጌዋን ይዞ ይወጣል። ሜላት ደግሞ ስታለቅስ የጀልባዋን ድምፅ ካልሰማች ዝም አትልም። ቀኑን ሙሉ ያንኑ እየደጋገምኩ እከፍትላታለሁ።

ሰመረ ከሥራ ሲገባ የድስት ክዳን መሪ አድርጎ፣ በቀኝ እጁ ማማሰያ ይዞ ይለማመዳል። ማማሰያው ወደፊት የሚገፋው የነዳጅ እጀታ መሆኑ ነው። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ነፋሱን እጠራለሁ። ከግራ መጣ ስለው ክዳኑን ያዞራል፤ ማማሰያውን ግን ወደ ራሱ ይመልሰዋል።

"ለቀቅከው" እለዋለሁ።

"አቤት ካፒቴን" ይለኛል፣ ይስቃል።

ምን ያድርግ። ከፒያሳ ወደ ታች ያንን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ እየወረደ፣ ነዳጅ ሲቆጥብ የኖረ ሰው ነው። ፌርማታ ሲያይ መልቀቅ ነው የለመደው።

የሺዓለም ነገሩን ስትሰማ አልወደደችውም። የእሷ ባል ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ ብሎ እንደሄደ ቀርቷል። "ምብራት፣ በመስኮቱ የሚያየው እሱ ነው፤ አንቺ እዚሁ ነሽ" አለችኝ። ሰመረም መጀመሪያ ብቻዬን ልሂድና ልደላደል፣ ከዚያ እወስዳችኋለሁ ማለት ጀመረ። ያን ቀን ክፍሏ ይበልጥ ጠበበችብኝ።

ነድቶ ለሚያሳይበት ፈተና ግን ቢሾፍቱ ይዞን ሄደ። ሐይቅ አይታችሁ አታውቁም ብሎ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠን። ወይዘሮ አሰፋች ዳር ቆመው ያያሉ።

መሃል ላይ ጥሩ አድርጎ ነዳት። ስንመለስ ነፋስ ከጎን መጣ። ጀልባዋ የምትቆምበት የእንጨት መውረጃ ጫፍ ላይ ልጆች እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ሰመረ ሲያያቸው ነዳጁን ለቀቀ። መሪውን አዞረ። ጀልባዋ አልሰማችውም፤ ወደ ልጆቹ ተንሸራተተች። እንደገና አዞረ። ምንም።

ሜላትን እንዳዘልኩ ተነሳሁ። እጄን እጁ ላይ ጭኜ የነዳጁን እጀታ ገፋሁት። ውሃው ከኋላ ፈነዳ፣ የጀልባዋ አፍንጫ ዞረ። መከለያውን ግማሽ ድረስ አወረድኩት። ከእንጨቱ ክንድ የማይሞላ ሲቀራት ቆመች።

ስንወርድ ሰመረ ነፋሱ ነው አላቸው። ወይዘሮ አሰፋች ወደ እኔ መጡ። የሜላትን ጉንጭ ነካ ነካ አድርገው ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቁኝ። ልጅቷን ቀን ማን እንደሚይዝልኝም ጠየቁ። ማንም የለኝም አልኳቸው። እንደውላለን ብለው ሄዱ።

ሰመረ ለሚኒባሱ ባለቤት በቅርቡ እለቃለሁ ብሎ ነገረ። ወሬው ፒያሳ ደረሰ። ተራ አስከባሪዎቹ "ካፒቴን፣ መልሕቅህን አንሳ፣ መንገድ ዘጋህ" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ደስ ይለዋል። በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ደወሉ ወይ ብሎ ነው።

ማክሰኞ ደወሉ። ሜላት ጡት ላይ ነበረች። ወይዘሮ አሰፋች ራሳቸው ናቸው ያናገሩኝ። እሺ፣ እሺ ብቻ አልኳቸው። ሲዘጉ ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ ከልጅቷ ፍራሽ ሥር ከተትኩት።

ሰመረ ገባ። "ደወሉ?"

"የለም" አልኩት።

ትናንትም የለም አልኩት። ለየሺዓለም ብቻ መደወላቸውን ነገርኳት፤ ሌላውን አልነገርኳትም። "ደግ አደረግሽ፣ ደብቂው" አለችኝ።

እሱ አሁንም ክዳኑን አንስቶ ይለማመዳል። እኔም ነፋሱን እጠራለሁ። አሁንም ማማሰያውን ይለቃል። ለቀቅከው ማለት ግን ትቻለሁ።

መልስ የሚጠብቁት እስከ ሰኞ ነው። እባካችሁ ምከሩኝ፤ ጀልባዋን እንድነዳ የፈለጉት እኔን መሆኑን ለሰመረ በምን አፌ ልንገረው?