የናዛሬና ጉንጭ

በጣሊያኗ የወረቀት ከተማ በፋብሪያኖ የናዛሬናን ጉንጭ ያታለለ ወረቀት ገና አልተሠራም ነበር። የጉንጯ ዝና ሮምን አልፎ ባሕር ተሻግሯል፤ በአርባ ዓመት የፋብሪካ ሥራዋ የዳሰሰችው ወረቀት ቢነጠፍ የአድሪያቲክን ባሕር ሸፍኖ ለጠረጴዛ ልብስ ይተርፋል። ጣቶቿን ውሃና ሙጫ ስላደነደኗቸው የሰዓሊዎችን ወረቀት፣ ልስልሱን ከመካከለኛውና ከሻካራው፣ የምትለየው በጉንጯ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዓይኗን በሻሽ አስራ፣ ለሰባተኛ ጊዜ "አግቢኝ" ያላትን ሴቲሚዮን፣ የወረቀት መጭመቂያውን ሱፍ የሚያጥበውን፣ "አራት ወረቀት አቅርብልኝ፤ አንዱን ከሳትኩ አገባሃለሁ" አለችው።

"ሴቲሚዮ፣ ላብህ ወረቀቱን እንዳያሟሟው!" አሉ የከበቧቸው ሴቶች።

የመጀመሪያውን በጉንጯ ነካ አደረገችው። "በጋለ ብረት የተዳመጠ፣ ልስልሱ፤ ብዕር ይንሸራተትበታል።" ሁለተኛው፦ "መካከለኛው፤ ለእርሳስም ለቀለምም ይሆናል።" ሦስተኛው፦ "ሻካራው! ሱፉ የተወበትን ጉድጓድ ሁሉ ቆጠርኩት፤ የውሃ ቀለም እዚህ ውስጥ ይተኛል።" ሴቲሚዮ ተስፋ ቆረጠ። አራተኛውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተወና ጎንበስ ብሎ፣ ከጭንቀት ብዛት ሳምንት ሙሉ ያልላጨውን ጉንጩን ከጉንጯ አገናኘ። ያ ጺም የመርከብ ዝገት ያራግፍ ነበር። ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ናዛሬና በሦስቱ ወረቀቶች ላይ ከቆየችው ሁሉ አብልጣ ቆየች።

"ይሄኛው" አለች ቀስ ብላ፣ "ልስልሱ ነው። ያውም ሁለቴ የተዳመጠ።"

ፋብሪካው በእልልታና በሳቅ ተናጋ። ናዛሬና ሻሹን ሳትፈታ፣ ጉንጯንም ሳታነሳ፣ "ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ?" አለች።