ተደብቋል እንጂ አልጠፋም

“አይክፈቱት! እንዳይነኩት!” አለች የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዋ፣ የሽማግሌውን እጅ ከላፕቶፑ ላይ ያዝ አድርጋ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ሰበሰቡ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተው በጡረታ ወጥተዋል። ላፕቶፑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንድ ፕሮግራም በድምፅ ያነብላቸዋል። ስለዚያ ማዞሪያ ቤት አራት ዓመት የጻፉት መጽሐፍ፣ አሥራ ዘጠኙም ምዕራፍ፣ ያለው አሁን በተሰካችው ፍላሽ ላይ ብቻ ነው።

ትናንት አንዱን ምዕራፍ ለማሳተም ፍላሿን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደዋት ነበር። ቤታቸው ሲመለሱ ድምፁ “አቋራጭ፣ አቋራጭ፣ አቋራጭ” ይል ጀመር። ቢከፍቱት ባዶ፤ ደግመው ቢከፍቱትም ባዶ።

“ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አለቀለት?”

“ቫይረስ ነው አባቴ። ክፉ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ማለት ነው፤ ራሱን እያባዛ ከፍላሽ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ፍላሽ ይሄዳል። ይሄኛው ደግሞ ፋይልዎን ይደብቅና በስሙ አቋራጭ የሚባል የሐሰት መክፈቻ ያስቀምጣል። አቋራጩን በከፈቱ ቁጥር እሱን ነው የሚቀሰቅሱት።”

“ደበቀው እንጂ አልሰረዘውም?”

“አብዛኛውን ጊዜ አይሰርዝም። ሳላይ ግን ቃል አልገባም።”

“ለእኔማ ሁሉም ድብቅ ነው፤ ስንቱን ፈልጌ አግኝቻለሁ!” አሉ ሽማግሌው። “አንቲቫይረስ ነበረኝ እኮ። የእህቴ ልጅ ናት የጫነችልኝ።”

“መቼ አሳደሱት?”

“ይታደሳል እንዴ?”

“ዘበኛ ይበሉት። የሌቦች ስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ ይቆማል። የእርስዎ ዘበኛ የያዘው የዛሬ ሦስት ዓመቱን ዝርዝር ነው፤ አዲሱን ሌባ እጅ ነስቶ አስገባው።”

“እንዲህ ያለ ዘበኛ እኛም መሥሪያ ቤት ነበረ” አሉ፤ እሷም ሳቀች።

ዝርዝሩን አሳደሰች። አንቲቫይረሱ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይፈትሽ ጀመር። ሽማግሌው ሁለቱን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የማሽኑን ማራገቢያ ያዳምጣሉ።

“ያዘው!”

“ገደለው?”

“የለም፣ ለይቶ ማቆያ አስገባው። እዚያ ሆኖ ምንም ማድረግ አይችልም። አንዳንዴ ንጹሕ ፋይልም በስህተት ይጠረጠራል፤ ስለዚህ አጣርተን ነው የምናጠፋው።”

“ይኼስ ደግ ዳኛ ነው።”

ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አዘዘችና ድንገት ዝም አለች።

“ልጄ፣ ተናገሪ እንጂ። ዝምታሽ ከምን እንደሆነ ፊትሽን አይቼ መረዳት አልችልም።”

“እየቆጠርኩ ነው አባቴ… አሥራ ስምንት። ሁሉም ደኅና ናቸው።” አንዱን ደጋግማ ለመክፈት ሞከረች። “የመጨረሻው ግን ተበላሽቷል። ብሞክረው ብሞክረው አልከፈትም አለኝ።”

 ሽማግሌው እፎይ አሉ።

“የመጨረሻው? ተዪው እሱን። ቶሎ ልጨርስ ብዬ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼን በአንድ ገጽ ነበር የሸኘኋቸው።”

አሥራ ስምንቱን ምዕራፍ ላፕቶፑ ላይና አንድ አዲስ ፍላሽ ላይ ገለበጠችላቸው። ሦስት ደንበኞች ተራ እየጠበቁ ነው። ሽማግሌው ግን አልተነሡም፤ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ።

“አሁን ብነካው ችግር አለው?”

“የለውም፣ ይንኩት።”

ጣቶቻቸው ቁልፎቹን አንድ ጊዜ ዳሰሱ። ቀጥሎ የላፕቶፑ ድምፅ፣ የሚጽፉትን እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ አነበበ፦ “ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ።”