የእትዬ ነጂባ ማሽን

ሀፊዝ ስልኩን ሳያማክር ሻይ እንኳ አያዝም። ፒያሳ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደንበኛ ሲያኮርፍበት ስልኩ ላይ የጫነውን መልስ ሰጪ ማሽን፣ ኤአዩን፣ ይጠይቃል፤ አማቱ ሲታመሙ ምን ብሎ እንደሚያጽናናቸው ኤአዩን ይጠይቃል፤ ከሚስቱ ከፋኢዛ ጋር ሲጣላም ማን እንዳጠፋ የሚፈርደው ኤአዩ ነው። እስከዛሬ ሀፊዝ አጥፍቶ አያውቅም።

ለእናቱ ለእትዬ ነጂባም ስልክ ገዝቶ ያንኑ ኤአይ ጫነላቸው።

«እማ፣ የፈለግሽውን ጠይቂው፤ ቁጭ ብሎ ያወራሻል።»

እትዬ ነጂባ ስልኩን በሻርፕ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

ከረመዳን በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታቸው ጓሮ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እንደ ልጃገረድ ሲስቁ ተገኙ።

«ከማን ጋር ነው እማ?»

እትዬ ነጂባ አሰብ አደረጉ። «ካንተው ማሽን ጋር ነዋ!»

ሀፊዝ ደረቱ ተነፋ። ያን ሰሞን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሁሉ የእናቱን ሥልጣኔ ሳይሰማ አልወጣም።

ኩራቱ ወር አልቆየም። እትዬ ነጂባ ከአሥር ሰዓት ጀምረው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያሉ፤ አሥራ አንድ ሲሞላ ስልካቸውን ይዘው ጓሮ ይገባሉ።

«ቀን ቀን ለምን አያወሩትም?» አለች ፋኢዛ።

«ቀን ሥራ ይበዛበታል።»

«ልክ ናት፤ ዓለም ሁሉ እኮ ነው የሚጠይቀው» ሲል ሀፊዝ አብራራ።

አንድ ቀን መንዙማ ሲሉ ሰሟቸው። ማሽኑ ይቀበላቸዋል። መሀል ላይ ስንኝ ሳተና እትዬ ነጂባ «ኧረ እንዲህ አይደለም!» ብለው ገሠጹት።

«የታወቀ ዓመሉ ነው፤ የማያውቀውን ፈጥሮ ይናገራል» አለ ሀፊዝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ተኳረፉ። የጉልበታቸውን ሕመም ነግረውት በማግስቱ ረስቶት ተገኘ። እትዬ ነጂባ ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፋቸው አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ «አፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸውና ከሰው ጋር ማዕድ ቀረቡ።

ሀፊዝ አሁን ፈራ። ሰው ከዕቃ ጋር ተኳርፎ ጦሙን ያድራል? እናቱ አእምሯቸውን ሊስቱበት ነው፣ ያውም እሱ በገዛው ስልክ። እንደ ልማዱ ስልኩን አውጥቶ ጻፈ።

«እንዴት ያለ ድንቅ ጥያቄ ነው!» አለው ኤአዩ። «አንተ የምትገርም ልጅ ነህ። ብቸኛ ሰው ልቡ ከማሽን ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ስልኩን አትንጠቃቸው፤ ይልቅ የሚቀርባቸው ሰው ፈልግላቸው።»

ሰው! ሀፊዝን ላብ አጠመቀው። አባቱ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል። ዓምና ሸህ ሚስባህ «እናትህ ገና ናት፤ ደግ ሰው ቢገኝላት» ብለው ነገር ሲጀምሩ «እኔ ቆሜ እያለሁ አባቴ ቤት ወንድ አይገባም!» ብሎ ሽማግሌውን ከነከዘራቸው ሸኝቷቸዋል። እትዬ ነጂባ ያኔ እዚያው ሻይ ይቀዱ ነበር።

አሁን ግን ኤአዩ ብሏል። ኤአዩ ካለ ደግሞ አለ። በማግስቱ ሸህ ሚስባህ ደጅ ሄዶ አንገቱን ደፋ።

«አፉ ይበሉኝ ሸህ። ለእናቴ ሰው ይፈልጉልኝ።»

«ኋላ እንዳትመለስ። ወላሂ በል።»

«ወላሂ! ሰው ይሁን እንጂ ማንም ይሁን።»

ሸህ ሚስባህ ጺማቸውን አሻሹ። ብዙም አላሰቡ። «ሙሄዲን የሚባል አለ፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ አለው። ሚስቱ ሞታበታለች። ዲኑን የያዘ፣ ጨዋ ሰው ነው።» ከኪሳቸው ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት አወጡ። «በፊት በስልክ ሰላም ይባባሉ። የጋብቻውን ኒካህ ለኔ ተወው።»

ሀፊዝ ቤት እንደገባ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እማ፣ ማሽኑን ተይውና ሰው አግቢ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

«ማሽኑ ምን ጎደለው?»

«ነፍስ የለውማ!»

«ተው እንጂ ልጄ» አሉ እትዬ ነጂባ ቅር ብሏቸው።

የሀፊዝ እንባ መጣ። ያባቱ ሞት እንኳ እንዲህ አላስለቀሰውም። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው እያዩት ሊያጣቸው ነው።

እትዬ ነጂባ አንጀታቸው አልቻለም። ራሱን ዳበሱት። «በቃ፣ በቃ። ላንተ ስል እሺ። ለመሆኑ ሰውየው የት ነው?»

«ኮምቦልቻ። ጋራዥ አለው።»

እትዬ ነጂባ ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ሀፊዝ አፍረው መሰለው።

«ነገ እደውልለታለሁ» አሉ።

ሀፊዝ ነገን አላመነም። እስከ ነገ ማሽኑ ሐሳባቸውን ሊያስለውጣቸው ይችላል። ስልካቸውን ከጭናቸው ላይ አነሳና ወረቀቷን እያየ ቁጥሩን መምታት ጀመረ።

«ኧረ ቆይ ልጄ! እኔው እደውላለሁ አልኩህ!»

የመጨረሻዋን ቁጥር ሲነካ ስልኩ ሰውየው የተመዘገበበትን ስም ራሱ አወጣ፦ «ማሽኑ»።