ለአምሮቷ የተተከለ እንጆሪ

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር የእንጆሪውን ባልዲ አቅፎ ከበረንዳው ወደ ሳሎን ሲገባ ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ናት፤ ከሆስፒታል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ልጃችንን ይዣት መውጣቴ ነው። እንጆሪዎቹን አነሳህ?»

«እያነሳሁ ነው።»

«ሳንደርስ ለጎረቤት ስጥልኝ። ዓይኗ እንዳያርፍባቸው፤ የቻለችው ይበቃታል።»

እሺ ብሎ ዘጋው። ሌሎቹን ባልዲዎች ለፊት ለፊቷ ጎረቤት አስረክቧል። ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ፍሬው የቀላውም በዚህኛው ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቁጭ አለ።

ልጁ ከስንት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ አርግዛ እነሱ ዘንድ ስትመጣ፣ ያማራት እንጆሪ ነበር። የገበያውን «ውሃ ውሃ ይላል» ብላ ተፋችው። መሪ እንጂ ዶማ ጨብጦ የማያውቀው አባቷ ችግኝ ሊገዛ ወጣ። «የዚህ ከተማ ብርድ ስሙ ነው እንጂ ውርጭ አያውቅም» አለችው ሻጯ፤ «አሁን ተክለው በብርዱ ወር ይበላሉ። ቅጠል የሚወጣበትን የችግኙን ልብ ብቻ አፈር አያልብሱት፣ ይበሰብሳል።»

የቀለም ባልዲዎችን ሥር በሳ፤ ፀሐይ ወደሚያገኘው ጥግ ደረደራቸው። ሥሩ እንዲጠና ብሎ የመጀመሪያዎቹን አበቦች ጨክኖ ቀነጠሰ። ንብ እዚህ ፎቅ ድረስ ስለማትወጣ፣ በቀጭን ብሩሽ አበባውን ከአበባ ያነካካ ነበር። ልጁ ሆዷን ይዛ ስትስቅበት፣

«አባዬ፣ በስተርጅና የትዳር ደላላ ሆንክ?»

«ዝም በይ። ይሄ የልጅሽ ነው፤ አንቺ ለምነሽው ትቀምሻለሽ።»

መውለጃዋ ሲቃረብ የፅንሱ እንቅስቃሴ ጠፋ። ሐኪሞቹ እሷን በማደንዘዣ አስተኝተው አወጡት። አላለቀሰም። «ሳታየው ይሻላታል» አለች እናቷ፤ ሳትነቃ ሹፌሩና የሴት ልጁ ባል ወስደው ቀበሩት። እንጆሪው ግን ምን ያውቃል፣ በዚያው ሳምንት ቀላ።

በሩ ሲከፈት ገና አልተነሳም ነበር። ልጁ በእናቷ ክንድ ተደግፋ ቆማለች። ሚስቱ በዓይኗ ገረፈችው።

«ወዴት ልትወስደው ነው?» አለች ልጁ።

«ወጣ ላደርገው ነው… ፀሐይ እንዲያገኝ።»

«ኮሪደር ላይ ፀሐይ አለ እንዴ፣ አባዬ?»

ግድግዳውን ይዛ፣ የተሰፋው ሆዷ እንዳይሳብ ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። የቀላውን ፍሬ እንዳስተማራት ሳትጎትት፣ ከነአንገቱ በጥፍሯ ቆረጠችው። አልበላችውም። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው።

«አንተ አይተኸዋል አይደል?»

«ማንን?»

«ልጄን። ማንን ይመስላል?»

«ልጄ፣ ተይው በእናትሽ» አለች ሚስቱ።

ስለ ሕፃኑ አንድ ቃል ላይተነፍስ ለሚስቱ ቃል ገብቷል። የሴት ልጁን ፊት አየ፤ መልስ ካላገኘች ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈልገው እንደምትኖር ገባው።

«አንቺን» አለ። «አገጩ ያንቺ ነው፤ ቁጭ። ፀጉር ነበረው፣ ችምችም ያለ። አንቺ ስትወለጂ መላጣ ነበርሽ።»

ፍሬውን ገመጠችው።

«ጣቱስ?»

«ረጃጅም። እንደኔ መሪ ለመጨበጥ የተፈጠረ አይደለም። ጥፍሩ ራሱ ወጥቶ አልቆ ነበር።»

«ተሸፍኖ ነበር? በርዶት ነበር?»

«በሹራቤ ጠቅልዬዋለሁ። አቅፌው ነው የሄድኩት፤ ለማንም አልሰጠሁትም።»

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ አገጯ ላይ ቢደርስም አልጠረገችውም።

«ጆሮውስ?»

በዚህ መሃል ቀሚሷ ደረቷ ላይ በሁለት ቦታ ረጠበ። ወተቱ ቀስ እያለ ሰፋ። እሷ ገና አላየችውም። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቷ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ፤ ከፊት ለፊቷም ገጠመላት። ከዚያ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ ስለ ጆሮዎቹ ይነግራት ጀመር።