የተያዘው ማሽን

ሻፋየትን ሐኪሙ «ወይ በየቀኑ ትራመዳለህ፣ ወይ ልብህን እንከፍታለን» ብሎታል። የዳካ መንገድ ደግሞ እንኳን ለመራመድ ለመቆምም ቦታ የለውም። ስለዚህ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ካለው ጂም የመሀል ከተማውን መረጠ። እዚያም ያው ግፊያ ነው፤ ልዩነቱ የሚገፉት ሰዎች በላብ መጠመቃቸው ነው።

አውቶቡስ ላይ ወንበር በመሀረብ እንደሚያዝ ሁሉ፣ እዚህም ማሽን ጋምቻ በሚሉት ፎጣ ይያዛል፤ የሰው ፎጣ ማንሳት ነውር ነው። ጥጉ ላይ ያለው የመሮጫ ማሽን ግን ሻፋየት በመጣ ቁጥር ጋምቻ ተጥሎበት ያገኘዋል። የሚሮጥበትን ሰው አንድም ቀን አላየም።

«የማን ነው?» አለ ዛሬ።

«ካንተ በፊት የመጣ ሰው ነው፣ ወንድሜ» አለ አሠልጣኙ ሚሎን፣ ቀና ብሎም ሳያየው።

«ሳምንቱን ሙሉ?»

«ምን ቸገረህ? ተሰለፍ!»

«ቦርጩ ቸኩሎበት ነው» አለ ከኋላው አንድ ራሰ በራ፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ሳቁ አንገበገበው። ጋምቻውን ወለሉ ላይ ወረወረና ማሽኑ ላይ ወጣ። ጨርቁ በትኩስ ላብ የራሰ ስለነበር እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

መራመድ እንደጀመረ ከኋላው ሌላ እርምጃ ተሰማው። ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲያዘግም ያዘግማል። ፊት ለፊት ያለው መስታወት የሚያሳየው ግን እሱን ብቻ ነው።

«ሚሎን!» ብሎ ጮኸ ራሰ በራው። «ኧረ ሁለት ሰው ባንድ ማሽን አይቻልም በላቸው!»

ሚሎን መጥቶ የሻፋየትን ክንድ ጨመደደ። ከዚያ በሻፋየት ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ኋላው እያየ፣ በትሕትና፣

«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለ። «አሁን አወርደዋለሁ።»